የዶክተር ወንደሰን ቀለበት

በአሶሳ አቅራቢያ ለምትገኝ አንዲት መንደር፣ ውሃ በሌለበት ቦታ የውሃ ጉድጓድ ተቆፈረላት። የመለኪያ መሣሪያው ውሃው ከማንጎው ዛፍ ሥር መሆኑን አሳይቶ ነበር፤ የከርሰ ምድር ውሃ ሊቁ ዶክተር ወንደሰን ግን በክር ያንጠለጠሉትን የብር ቀለበት አመኑ። ቀለበቱ የተወዛወዘው ድንጋያማው ጉብታ ላይ ነበር።

(የቁፋሮው መኪና ሊሄድ ሞተሩን አስነሥቷል። ዶክተሩ የጠፋባቸውን ቀለበት ፍለጋ ተንበርክከው ሣር ይዳብሳሉ። የመንደሩ የውሃ ኮሚቴ ሰብሳቢ ጁምዓ፣ መኪናው ሳይሄድ ማንጎው ሥር እንዲቆፈር ሊለምን መጥቷል።)

ወንደሰን፦ እንዳትረግጠው አልኩህ።

ጁምዓ፦ ዶክተር፣ ማንጎው ሥር ይቆፈር። ልጄ ዐርዋ ውሃ ልትቀዳ ወንዝ ስትወርድ ትምህርት ያልፋታል።

ወንደሰን፦ መጀመሪያ ቀለበቴ ይገኝ።

ጁምዓ፦ መሣሪያው ማንጎ ሥር ብሎ ነበር። ቀለበት ለምን?

ወንደሰን፦ ይህ አይገባህም። ታላላቅ ሊቃውንት ሁሉ የየራሳቸው ምሥጢር አላቸው። ኒውተንን የሚያህል ሰው ተራ ብረት ወደ ወርቅ ለመለወጥ ስንት ዓመት ደክሟል።

ጁምዓ፦ ወርቅ አገኘ?

ወንደሰን፦ አላገኘም።

ጁምዓ፦ እዚህ ቢመጣ ኖሮ እንደ እኛ የወንዝ አሸዋ አጥቦ ያገኝ ነበር።

ወንደሰን፦ (በረጅሙ ተንፍሰው) ይልቅ ክንድህ ላይ ያሰርከው ምንድን ነው?

ጁምዓ፦ ክታብ ነው። ለእባብ።

ወንደሰን፦ ይኸው። አገር ወደ ኋላ የቀረው በዚህ ነው። እባብ ቢነድፍህስ?

ጁምዓ፦ አምና ነደፈኝ።

ወንደሰን፦ (ደስ ብሏቸው) ታዲያ ክታብህ ምን አደረገልህ?

ጁምዓ፦ ምንም። ሐኪም ቤት ሄድኩ፣ መርፌ ወጉኝ።

(ዶክተሩ ወደ ሣሩ ይመለሳሉ። ሾፌሩ መሽቷል እያለ ይጣራል። ጁምዓ የራሱን ቀለበት ከጣቱ ያወልቃል።)

ጁምዓ፦ እንኩ ዶክተር፣ ይህን ክር ላይ ያንጠልጥሉ። የጠፋውን ይፈልግልን።

ወንደሰን፦ (እየሳቁ) ምን ዓይነት የዋህ ነህ? ቀለበት ምን አውቆ ይፈልጋል? ዓይን የለው፣ አእምሮ የለው።

ጁምዓ፦ (ወደ ደረቁ ጉድጓድ እያየ) ምነው ይህን ጉድጓዱ ሳይቆፈር በነገሩን።

(ዶክተሩ ጉልበታቸውን አራግፈው መኪናው ላይ ወጡ። መኪናው ለሌላ ቁፋሮ ወደ ሸርቆሌ ሄደ።)

ዶክተሩ አሶሳ ገበያ ሌላ ቀለበት ገዝተዋል። ዐርዋ ዛሬም ወንዝ ትወርዳለች። ከማንጎው ሥር የቆፈረ የለም።