እንደ ሆነችው መለስኳት

አራዊት ሁሉ አፍ በነበራቸው፣ ጥፋተኛ ግን ተፈልጎ በማይገኝበት ዘመን፣ በአንድ ጫካ ውስጥ እሁድ እሁድ ከሰዓት ጥንድ ጥንድ ሆኖ መጨፈር ተለምዶ ነበር። ወንዱ መሪ ነው፤ ወደ ፊት ይራመዳል። ሴቷ ተመሪ ናት፤ ወደ ኋላዋ ትራመዳለች። ጀርባ ላይ ዓይን የለምና ዓይኗ እሱ ነው። ጭፈራው ሲያበቃ መሪው ተመሪዋን እናቷ ዘንድ ያደርስና "እንደ ወሰድኳት መለስኳት" ይላል። ወጉ ይኸው ነበር።

አያ ከርከሮ ጭፈራ ነፍሱ ነው። ሳምንቱን ሙሉ እሁድን ሲጠብቅ ይሰነብታል። ክፋቱ፣ ሜዳው ላይ ሲወጣ ዓይኑ ከተመልካቹ አይነሳም፤ ማን አየኝ፣ ማን አደነቀኝ ሲል የሚሄድበትን አያይም። ሚዳቋን ይዞ ወጣና ቀጋ ቁጥቋጦ ውስጥ ከተታት። ምልክት ሰጥቻት ነበር፣ ልብ አላለችም አለ። ቆቅን ይዞ ወጣና የጅራቷን ላባ ረግጦ አስቀረው። መሬቱ ወጣ ገባ ነው አለ፤ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ኮሚቴውም መሬቱን አሽትቶ ጥፋቱ የመሬቱ ነው ሲል ወሰነ። ቆቅን ያለ ጅራት እናቷ ፊት ሲያቆማት እንኳ ምላሱ አልተያዘም። "እንደ ሆነችው መለስኳት" ብሎ እብስ አለ።

ከዚያ ወዲያ የጠየቃት ሁሉ እግሬን አመመኝ ትለው ጀመር። ከርከሮም አድማ ተመታብኝ ብሎ የጫካው ዳኛ አባ ዝሆን ዘንድ ከሰሰ። አባ ዝሆን ነገሩን አጣርቶ፣ በሚመጣው እሁድ ተመሪ አግኝቶ በደህና ካልመለሰ ዕድሜ ልኩን ዳር ቆሞ እንዲያጨበጭብ ፈረደበት። ከርከሮ በሰኮና ማጨብጨብን ሲያስበው እንባው መጣ።

እሺ ያለችው ወይዘሪት ጃርት ብቻ ናት። እሷንም እሾኋን ፈርቶ ማንም አውጥቷት አያውቅም።

"አያ ከርከሮ፣ እኔ ኋላዬን አላይም" አለችው። "ዓይኔ አንተ ነህ።"

በእኔ ጣይው አላት።

እሁድ ደረሰ፤ ከበሮው ተመታ። እስከ ግማሹ ድረስ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ያምር ነበር። ኋላ ግን አንዲት ዝንጀሮ ከዛፍ ላይ ሆና "አቤት ቁመና!" ስትለው ከርከሮ ቀና አለ። ቀና እንዳለም ጃርትን ገፍቶ ገፍቶ፣ ዳር ተኝቶ ከሚያመሰኳው ከአያ ጎሽ ቂጥ ጋር አላተማት። ጃርት ስትደነግጥ የሚሆነው ይታወቃል። ግማሹ እሾህ ጎሹ ላይ ተሰካ፤ ግማሹ የከርከሮ አፍንጫ ላይ ቀረ።

ጎሽ ተነሳ።

"ማነው?" አለ ጎሽ፣ ቀንዱን ዝቅ አድርጎ።

"እሷ ናት" የምትለዋ ቃል እንደ ልማዷ የከርከሮ ምላስ ጫፍ ላይ ደርሳለች። ከተናገራት ጎሽ ጃርትን ይጨፈልቃታል፤ ካልተናገራት የሚጨፈለቀው እሱ ነው። ከርከሮ ጃርትን አያት። አልሸሸችም። ያቆማት ቦታ ላይ ቆማ፣ ቀጥሎ ወዴት እንደሚወስዳት ዓይን ዓይኑን እያየች ትጠብቃለች። ያን ጊዜ አፈረ፤ በሕይወቱ የመጀመሪያው እፍረት ነበር።

"እኔ ነኝ" አለ። "እሷ ኋላዋን አታይም። ማየት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ፤ አላየሁም።"

ጎሽ እንዳቀረቀረ ቀረ። እሱ የሚያውቀው ጠብ "እኔ አይደለሁም" ተብሎ የሚጀመር ነው። ግራ ገባውና አሁን ምን ይደረጋል ብሎ አባ ዝሆንን ጠየቀ፤ አባ ዝሆንም እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞኝ አያውቅም አለ። ጎሽ ምን ያድርግ፣ ተመልሶ ቁጭ አለ፤ እሾሁን ዘንግቶት ኖሮ ወዲያው ብድግ አለ።

ከርከሮ ጃርትን እናቷ ዘንድ አድርሶ፣ የጎደላትን እሾህ አፍንጫው ላይ ለእናቲቱ አሳያት። እሷም ሳቀች፤ አባ ዝሆንም ጥፋቱን አምኗልና ሜዳው ላይ ይቆይ ብሎ ፈቀደለት። አራዊቱ ሁሉ በሳቅ ፈረሱ።

ያልሳቀው የጫካው ንጉሥ አያ አንበሶ ብቻ ነው። ፊቱን አጥቁሮ ወደ አማካሪው ወደ ቀበሮ ጆሮ ጠጋ አለ።

"ይሄ 'እኔ ነኝ' ማለት ከተለመደ፣ ከእንግዲህ ማን መሪ ይሆናል?"