የበርሜሉ ንቦችና ጋሽ ወንዳፍራሽ

ሳይጠሩት የሚመጣ፣ ሳይጠይቁት የሚመልስ ሰው የሌለበት ሰፈር ገና ሰፈር አልሆነም፤ መብራትና ውሃ ቢገባለትም የቤት ክምር ነው። ፉሪ ዳገቱ ላይ ያለው የእነ ኤልሳቤት ሰፈር ግን በዚህ አይታማም። ክቡር ጋሽ ወንዳፍራሽ አሉለታ!

ጋሽ ወንዳፍራሽ የማያውቁት ነገር አልተፈጠረም። «ይሄማ ቀላል ነው!» ይላሉ፤ ከዚያ በኋላ ነገሩ ይከብዳል። የኤልሳቤት አምፖል እምቢ ቢል «ይሄማ ቀላል ነው!» ብለው ገመዱን ነካ አደረጉት፤ የሰፈሩ ግማሽ በጨለማ አደረ። ተፍኪ ሠርግ የተጠሩ እንግዶች መንገድ ቢጠይቋቸው በልበ ሙሉነት ጠቆሟቸው፤ ሰዎቹ ቡራዩ ለቅሶ ቤት ተገኙ። ጋሽ ወንዳፍራሽ ሲወቀሱ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «ታዲያ ሳይበሉ ተመለሱ?»

ኤልሳቤት ከሆሳዕና መጥታ ሰበታ ፋብሪካ የምትሠራ፣ ከትንሽ ልጇ ከኤዶም ጋር የምትኖር ሴት ናት። ከቤቷ ጀርባ የተከለችው እንሰት ኩራቷ ነው። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ቅጠል ልትቆርጥ ስትሄድ፣ እንሰቱ ሥር በጎኑ ከተጋደመው አሮጌ በርሜል ውስጥ የወፍጮ ዓይነት ድምፅ ሰማች። ጎንበስ ብላ ብታይ ንብ ሞልቶታል። ኤዶም ደግሞ ያንን በርሜል ከበሮ አድርጋ ነው የምትውለው። ልጇን አፈፍ አድርጋ ወደ ቤት ሮጠች።

ወሬው መጀመሪያ የደረሰው ከአጥሩ ማዶ ጥጃ ያሰሩት ኦቦ ኢቲቻ ጋ ነው። ጀሪካን አንጠልጥለው ከተፍ አሉ።

«አካም ቡልቴ፣ ኤልሳቤት? ንብ አለ አሉ! ናፍታ አርከፍክፈን እንለኩሰው።»

«ኧረ ኦቦ ኢቲቻ፣ እንሰቴስ? ቤቱስ? ከእሳቱ ንቡ ይሻለኛል!»

«ንብ ጥጃ ይገድላል፣ ልጄ። ሕፃንም አይምርም።»

ይሄኔ ከወደ መንገዱ ያ የታወቀ ድምፅ መጣ።

«ይሄማ ቀላል ነው!»

ኤልሳቤት ዓይኗን ጨፈነች።

«ንብ ማለት» አሉ ጋሽ ወንዳፍራሽ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ «የሚነድፈው የፈራውን ነው። እኔ ደግሞ አልፈራም። አውራዋን ከያዝኩ የቀሩት እንደ በግ ይከተሉኛል።»

ብዙም ሳይቆዩ ታጥቀው ተመለሱ። ዝናብ ልብስ፣ ቦት ጫማ፣ ከአናታቸው እስከ ወገባቸው ደግሞ የባለቤታቸው የወይዘሮ ሰብለወርቅ አልጋ አጎበር። ከወገባቸው በላይ ሙሽራ፣ ከወገባቸው በታች ወታደር። በጣሳ የያዙት ኩበት ይጤሳል። ወደ በርሜሉ ተጠግተው ጣሳውን ከፍ ሲያደርጉ አንዲት ፍም ብን ብላ አጎበሩ ላይ አረፈች፤ ቡጢ የሚያስገባ ቀዳዳ ከፈተች። ንቦቹ መግቢያውን ወዲያው አገኙት፤ መውጫውን ግን አጡት። አጎበር ደግሞ ሥራውን ያውቃል፤ ያቀፈውን አልለቀቀም።

ጋሽ ወንዳፍራሽ እሪ ብለው ሮጡ። ውጭ የቀሩትም፣ ልክ እንዳሉት፣ እንደ በግ ተከተሏቸው። አጥሩን ጥሰው በኦቦ ኢቲቻ ግቢ ሲያልፉ ጥጃው ገመዱን በጥሶ አብሯቸው ተፈተለከ፤ ኦቦ ኢቲቻም ናፍታቸውን ደፍተው ጥጃቸውን ተከተሉ። ሰፈሩ በሩን ዘጋ። የማቃጠሉም ነገር በዚያው ቀረ።

በማግስቱ የጋሽ ወንዳፍራሽ ፊት እንደ ድፎ ዳቦ ተነፍቶ፣ ከንፈራቸው አልላቀቅ ብሎ ቤት ዋሉ። ሰፈሩ ጸጥ አለ። መጀመሪያ ሰው ሁሉ ደስ አለው፤ በኋላ ግን ግራ ገባው። እንደ እሳቸው «ውሃ መጣ!» ብሎ የሚጮህ ጠፍቶ ውሃው መጥቶ ሄደ። ማንም ጀሪካን አልሞላም።

ኤልሳቤትም በርሜሉን በሩቁ እየዞረች ያለፈውን ክረምት አሰበች። ኤዶምን ትኩሳት አጣድፏት፣ ባጃጁ ሁሉ ጭቃውን ፈርቶ እምቢ ሲል፣ ልጅቷን አዝለው በዝናብ እስከ ክሊኒክ የወረዱት እኚሁ ሰውዬ ናቸው። መንገዱን ሙሉ ስለ ትኩሳት ካወሩት ውስጥ አንድም እውነት አልነበረም። ልጅቷን ግን አንዴም ከጀርባቸው አላወረዷትም።

ማኘክ እንደማይችሉ ታውቃለችና የቡላ ገንፎ ሠርታ ሄደች።

«ጋሼ፣ ንቦቹን ምን ባደርጋቸው ይሻላል?»

ጋሽ ወንዳፍራሽ ከእብጠቱ በተረፈችው አንድ ዓይናቸው መሬት መሬቱን አዩ። «እኔ እንጃ፣ ልጄ» አሉ። «አላውቅም።»

ኤልሳቤት ክው አለች። ወይዘሮ ሰብለወርቅ ከጓዳ ሮጠው ወጥተው የባላቸውን ግንባር ዳሰሱ።

ኦቦ ኢቲቻ ግን ተፍኪ ቀፎ ያለው ነገሳ የሚባል የአክስት ልጅ ነበራቸውና አስጠሩት። ነገሳ አመሻሽ ላይ ጋሪ ይዞ መጣ፤ ንቦቹ ሲሰበሰቡ የበርሜሉን አፍ በጆንያ አፍኖ፣ እንሰቱን ሳይነካ ጋሪው ላይ ጫነው። ኤዶም በመስኮት አጨበጨበች። ነገሳ በርሜሉን ማሰር ሲጀምር ከአጥሩ በላይ የተድበሰበሰ ድምፅ ጮኸ።

«በዚያ በኩል አይደለም! ገመዱ በግራ ነው የሚዞረው! በግራ!»

ነገሳ ዞር ብሎ ያንን የተነፋ ፊት ሲያይ ገመዱ ከእጁ አመለጠ።

«ኦቦ ኢቲቻ፣ እኚህ ደግሞ የማን ናቸው?»

ኦቦ ኢቲቻ አፋቸውን ሳይከፍቱ ኤልሳቤት ቀደመቻቸው።

«የኛ ናቸው» አለች።