ሲሚንቶ ያልደረሰበት ግድግዳ

በአሰበ ተፈሪ የአንድ አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ የጣልነው እኛ ነን። ጠላት አልጣለውም። አደስነው፣ ወደቀ።

ሰው መቼም አሮጌ ነገር ሲያይ እጁን ይበላዋል። ያላወቀውን ይንቃል፣ የናቀውን ያድሳል።

ከአብዮቱ ወዲህ ነው፤ እኔ የቀን ሥራ ፈላጊ ጎረምሳ ነበርኩ። ግድግዳው እንጨትና ጭቃ ነው። ክረምት በወጣ ቁጥር፣ መስቀል ሳይደርስ፣ ጋሽ ሙሜ የሚባሉ ሙስሊም ሽማግሌ ጭቃውን ከጤፍ ጭድ ጋር አቡክተው፣ እስኪሸት አቆይተው፣ በእግራቸው ረግጠው ይለስኑታል። አባታቸውም እንዲሁ ነበሩ። ጭቃ ቄስና ሼህ አይለይም።

አንድ ዓመት የሕንፃ ኮሚቴ ተቋቋመ። ሲሚንቶ እንደ መድኃኒት በሚፈለግበት ዘመን ሊቀመንበሩ፣ በምን መንገድ እንደሆነ አትጠይቁኝ፣ ከሚኤሶ ባቡር ጣቢያ አንድ መኪና ሙሉ አስጭኖ መጣ። እልል ተባለ። እኔም እልል ብያለሁ፤ ለልሰናው ተቀጥሬያለሁና።

ጋሽ ሙሜ መጥተው ከረጢቱን በዘንጋቸው ነካ አደረጉ።

«ኢልማ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ይሄ ግድግዳ ይተነፍሳል። ውሃ ይገባል፣ ይወጣል። ይሄን ካለበስከው ውሃው የት ይሄዳል? እንጨቱን ይበላል።»

ሊቀመንበሩ ሳቀ። «ሙሜ፣ አንተ ጭቃህ ሊቀርብህ ስለሆነ ነው። ሰው ጨረቃ ላይ ወጥቷል እኮ!»

«ጨረቃ ላይ ዝናብ አለ?» ብለው ሄዱ።

አንተ አላቸው፤ አባቱ የሚሆኑትን ሰው። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። እኔስ? የልሰና ማንካዬን አነሳሁ።

ሦስቱን ወገን ለሰንን። ሰሜኑ ላይ ስንደርስ ሲሚንቶው አለቀ። «ከየት ላምጣ? ዘመኑን አታውቁም?» አለ ሊቀመንበሩ። በዚያው ሰሞን የቤቱ በረንዳ በሲሚንቶ ተለስኖ እንደ መስታወት አብረቀረቀ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባል የለ። ሁላችንም አየን፣ ማንም ትንፍሽ አላለም። ዘመኑን እናውቃለንና።

በሁለተኛው ክረምት ሲሚንቶው ተሰነጠቀ፤ ውሃ ገባ፣ መውጫ አጣ። ነሐሴ ላይ የደቡቡ ግድግዳ ተዘረገፈ። እንጨቱ በእጅ ሲያሹት ዱቄት ነበር። የተለሰኑት ሌሎቹ ሁለቱም ተከተሉት።

የሰሜኑ ቆመ። አስቡት እስቲ! ምክር ያላዳነውን ግድግዳ ሌብነት አዳነው። ሊቀመንበሩ ሐቀኛ ቢሆን ኖሮ አንዱም አይተርፍም ነበር። ለእንዲህ ያለ ሰው ምን ብለው ያመሰግኑታል? እኔ የነበረኝ ስድብ ብቻ ነው፤ እሱንም ዋጥኩት።

ጋሽ ሙሜ ቤት ሄጄ «ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው።

«ጭድ አምጣ» አሉኝ።

መስቀል ሲቃረብ ኮሚቴው ስብሰባ ላይ ነበር። ሰሜኑ ግድግዳ ሥር ጭቃ ስንረግጥ የቀረነው ጋሽ ሙሜና እኔ ነን።