አቶ አራጋው ደሴ ፕሮሰሰር ሊያስቀንሱ የሄዱ ለት

በየከተማው ዋጋ ሲጠራለት የተሰደበ የሚመስለው አንድ ሰው አይጠፋም። ሻጩ "አምስት መቶ" ሲለው ፊቱ ይጠቁራል፤ ወገቡን ይዞ አንዴ ሰማዩን፣ አንዴ ዕቃውን፣ አንዴ ሻጩን ያያል። ለመካነ ሰላም የደረሷት ክቡር አቶ አራጋው ናቸው፤ የቅናሽ ሊቀ ሊቃውንት፣ የባለሱቅ ሁሉ የራስ ምታት።

አቶ አራጋው "ስንት ነው?" ብለው አይጠይቁም። እሱ የጀማሪ ነው። ገና ከደጃፍ "የመጨረሻውን ንገረኝ!" ይላሉ። ሲነገራቸው ደግሞ "እሱማ የመጀመሪያው ነው፤ የመጨረሻውን!" ይላሉ። አንድ ጊዜ ከላላ ከተማ ገበያ ላይ በአንዲት በቅሎ ሲከራከሩ ዋሉ። ገበያው ተበተነ፤ ባለበቅሎው መንገዱ እንዳይመሽበት ብሎ አምስት መቶ ብር ቀነሰላቸው። እሳቸው ግን መሸባቸው። የመኝታው፣ የእራቱና የበቅሎዋ ገብስ ከቅናሹ በለጠ። ይህን የሚያነሳባቸው ሰው ካለ "አምስት መቶውን ማን አስቀነሰ?" ይሉታል። እውነትም ሌላ ሰው አላስቀነሰም።

መድኃኒት ቤት ገብተው "ሳሉ የሚነሳብኝ ማታ ማታ ብቻ ነው፤ በግማሽ አታደርጊልኝም?" ያሉትም እሳቸው ናቸው። የቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ኮሚቴ መዋጮ ሊጠይቃቸው ቢመጣ፣ "ቆርቆሮውን በስንት ገዛችሁት?" ብለው ጠየቁ፤ ሰሙና ራሳቸውን ያዙ። "ተበላችሁ!" ብለው ኮሚቴውን በሙሉ በሐዘን አሰናበቱት።

እንግዲህ አሚራ ፕሮሰሰር ልትገዛ ስታስብ፣ ከሰው ሁሉ መርጣ የሄደችው እኚህ ሰው ዘንድ ነው።

አሚራ ሰባት ዓመት ሪያድ የሰው ቤት ሠርታ የተመለሰች ጎረቤታቸው ናት። መናኸሪያው አጠገብ በተከራየቻት አንዲት ክፍል ማመልከቻ ትጽፋለች፣ ጉርድ ፎቶ ታነሳለች፤ ዋናው እንጀራዋ ግን የሠርግ ቪዲዮ ማቀናበር ነው። ኮምፒውተሯ ደከመ። አንድ ሠርግ ለማውጣት ሁለት ቀን ይፈጅበታል፤ አንዳንዴም ሙሽሪት አንድ እግሯን ከመኪና እንዳወረደች ቀጥ ብሎ ይቀራል። የኮምፒውተር ጠጋኝ ከፍቶ አየውና "ሌላው ደህና ነው፤ የደከመው ፕሮሰሰሩ ነው። እሱን ቀይሪው" ብሎ የሚስማማውን ቁጥር በወረቀት ጻፈላት።

ጥር ሊገባ ነው። አምስት ሠርግ ተቀብላለች። እነሱን ካላደረሰች የቤት ኪራይ የለም። የቤት ኪራይ ከሌለ ደግሞ አንድ ደላላ አለ፣ በሳምንት ሁለቴ እየደወለ "አሚራ፣ ሰዎቹ እየጠበቁሽ ነው'ኮ፤ ሪያድ መቼ ትመለሻለሽ?" የሚላት። በእጇ ያለው ገንዘብ ለአንድ ፕሮሰሰር ይበቃል። ለሁለት አይበቃም።

"ጋሽ አራጋው፣ ደሴ አብረውኝ ይሂዱ። ብቻዬን ከሄድኩ ወላሂ ይበሉኛል።"

"ምንድን ነው እሱ ፕሮሰሰር?"

"የኮምፒውተሩ አእምሮ ነው። ብስኩት ታክላለች።"

"ብስኩት?" ዓይናቸው በራ። "ብስኩት የምታክል ነገርማ እንባዋ እስኪመጣ አስቀንሳታለሁ!"

በንጋት ተነሡ። አውቶቡሱ ላይ ለአቶ አራጋው የደረሳቸው ወንበር የተሰበረ ነበር፤ በዚያም ሰበብ ከታሪፉ ላይ አስቀንሰውበታል። የአቀስታን ከተማ ጉም እንደዋጣት አለፏት። ደሴ ሁለት ሱቅ ዞረው አጡ፤ ሦስተኛው ቤት ታደለ የሚባል ቀጭን ልጅ ወረቀቷን አየና ከመስተዋቱ ሥር አንዲት ፕሮሰሰር አወጣ።

"አንዲት ብቻ ናት የቀረችኝ" አለ። የጠራው ዋጋ አሚራ ከያዘችው ትንሽ ያነሰ ነበር። እጇ ወደ ቦርሳዋ ሄደ።

"የመጨረሻውን ንገረኝ" አሉ አቶ አራጋው።

"የመጨረሻው ነው አባቴ። እኛ ቤት ክርክር የለም።"

"ክርክር ከሌለ ታዲያ ቀኑን እንዴት ታመሸዋለህ?"

ታደለ አልሳቀም። አቶ አራጋው የአሚራን ክንድ ያዝ አድርገው መውጣት ጀመሩ። "ቀስ ብለሽ ተራመጂ" አሏት በሹክሹክታ፤ "ሻጭ ከሰባት እርምጃ በላይ አይችልም፤ ይጠራናል።" ሰባት ሞላ። አስራ አራት ሞላ። አስፋልቱን ተሻገሩ። የጠራቸው የለም። "የደሴ ሰው ልቡ ደንድኗል" ብለው ሻይ ጋበዟትና፣ ዣንጥላ የረሱ መስለው ሲመለሱ ፕሮሰሰሯ የሌላ ሰው ፌስታል ውስጥ ስትገባ ደረሱ።

አቶ አራጋው ፌስታሉን በዓይናቸው እስከ ደጅ ሸኙት። ከዚያ መደርደሪያው ላይ ሌላ አዩ። "ያቺኛዋስ?"

"እሷ ለናንተ ኮምፒውተር አትሆንም አባቴ። ሌላ ዓይነት ናት። ባትወስዷት ይሻላል።"

"ሰማሽ?" አሉ ወደ አሚራ ዞረው፣ ፊታቸው እንደገና እየበራ። "ሻጭ 'አትግዙ' ካለ፣ ለወዳጁ የደበቃት ዕቃ ናት!"

አሚራ ወረቀቷን አየች። ቁጥሩ አንድ አይደለም። አፏን ልትከፍት ስትል ፊታቸውን አየች። ለእሷ ብለው ከንጋት ጀምሮ በተሰበረ ወንበር የተንገላቱ ሽማግሌ ናቸው፤ በማያውቁት ልጅ ፊት "ተሳስተዋል" ማለት ከበዳት። ሪያድ ብዙ ነገር አስተምራታለች፤ ሽማግሌ ማሳፈር ግን አላስተማረቻትም። አቶ አራጋው ሦስት መቶ ብር አስቀነሱ። እሷ ይሉኝታ ይዟት በገዛ እጇ ከፈለች።

ጠጋኙ በማግስቱ አንዴ ሞክሮ እጁን ሰበሰበ። "መቀመጫው ሌላ ነው። አይገጥምም።"

"ትንሽ ብትጫነውስ?" አሉ አቶ አራጋው።

ጠጋኙ ፕሮሰሰሯን ጠቅልሎ ለአሚራ መለሰላት።

በሳምንቱ አቶ አራጋው የሰፈሩን ሽማግሎች ሼህ እንድሪስንና አቶ አድማሴን ይዘው ደሴ ሄዱ፤ ለሽምግልና። የኮምፒውተር ሱቅ በሽማግሌ ሲለመን እስከዛሬ አልተሰማም። ታደለ ብድግ ብሎ ተቀበላቸው፣ ወንበር ሰጠ፣ ለስላሳ ከፈተላቸው። ከራሱ በላይ ግድግዳው ላይ "የተሸጠ ዕቃ አይመለስም" ይላል። "አባቶቼ፣ ነግሬያቸው ነበር'ኮ" አለ አንገቱን ደፍቶ። እውነቱን ነው። በሽምግልና ወግ በዳይ አይናገርምና፣ አቶ አራጋው እጃቸውን አጣምረው ከኋላ ቆመው ነበር። ዕድሜ ልካቸውን ሱቅ ውስጥ ዝም ብለው ሲቆሙ ያን ቀን የመጀመሪያቸው ነው። ሽማግሎቹ ልጁን መርቀው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ።

ጥር አለፈ። ሦስቱ ሙሽሮች ሥራቸውን ወደ ሌላ ወሰዱ። አንዷ መጥታ አለቀሰች። የካቲት ላይ አሚራ ክፍሏን ለባለቤቱ አስረከበች፤ ደላላው ሲደውልም "እሺ" አለችው። አቶ አራጋውን አንድ ክፉ ቃል አልተናገረቻቸውም። እሳቸው ግን ዋጋ መከራከር ተዉ። አንድ ቀን ስኳር በተባሉት ዋጋ ገዝተው ሲወጡ ባለሱቁ ደንግጦ "አሟቸው ይሆን?" ብሎ ጎረቤት ጠየቀ።

የምትሄድበት ጠዋት ሻንጣዋን እኔ ካልተሸከምኩ ብለው መናኸሪያ ሸኟት። ሚኒባሱ ሞልቶ ሞተሩ ተነስቷል።

"ለሻንጣው ሁለት መቶ" አለ ረዳቱ።

"ሁለት መቶ? ሻንጣው መስኮት ጋ ሊቀመጥ ነው?"

"በቃ መቶ።"

"ለመቶውስ ምን ሠራህለት?"

"ሃምሳ! ኧረ አባት፣ እንሂድበት!"

"ሃምሳ ብር አንተ ሜዳ ላይ ወድቆ ታገኛለህ?"

ተሳፋሪው ማጉረምረም ጀመረ። ሹፌሩ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ "በነጻ ጫንላቸው!" ብሎ ጮኸ።

ነጻ! አቶ አራጋው በሕይወታቸው አንድም ዋጋ እዚህ ድረስ አውርደው አያውቁም። አሚራ እፎይ ብላ አንድ እግሯን ደረጃው ላይ አደረገች። እሳቸው ግን ሻንጣውን አልለቀቁም።

"በነጻ አይሆንም" አሉ። "በነጻ የተጫነ ዕቃ ማን ይጠነቀቅለታል? ዋጋ ይቆረጥለትና እንነጋገር!"

"ታዲያ ስንት ይሁን ነው የሚሉት?"

"አንተ ጥራ።"

"ሃምሳ አልኩ'ኮ!"

"ሃምሳማ በዛ።"

ያን ጊዜ ነው አሚራ እጃቸውን ያየችው። እጀታውን በሁለት እጃቸው ወደ ደረታቸው ጎትተው ይዘው ነበር። ዓይናቸውም ረዳቱ ላይ ብቻ ነበር፤ ወደ እሷ አንዴም አልዞረም። እግሯን ከደረጃው መለሰች።

"እኝህ ሰውዬ ጤናም የላቸው!" አለ ረዳቱ። በሩን ድርግም አደረገው፤ ሚኒባሱ አቧራውን አልብሷቸው ሄደ።

አሚራ የሻንጣውን አቧራ በእጇ አራገፈች።

"ጋሽ አራጋው፣" አለች አሚራ ቀስ ብላ፣ "ነገም መኪና አለ'ኮ።"

"አውቃለሁ" አሉ፣ ሻንጣውን ወደ ትከሻቸው እያነሱ። "ነገ ከሹፌሩ ነው የምጀምር።"