የሽንፋ እንቁራሪቶች ሸክላ የገቡበት ዘመቻ

ጣልያን መተማን በያዘ በሦስተኛው ክረምት፣ ማሽላው ጉልበት ደርሶ ትንኙ ከሰው በበዛበት በወርኃ ሐምሌ፣ የአንድ መሰንቆና የሁለት ቁምጣ ጌታ፣ ኃያለ ጉሮሮ አዝማሪ ውባንተ ለዘመቻ ተነሣ።

ምክንያቱም ይህ ነው። ነጋዴው ኸሊፋ ድምፅ በሸክላ የሚቀርጽ መኪና ከነባትሪው ከከርቱም አምጥቶ ነበርና፣ ባዶ ሸክላም አንዲት ብቻ ቀርታው በማግስቱ ወደ ሱዳን ገዳሪፍ ሊሻገር ነበርና፣ በገዳሪፍም ጣልያንን ሸሽተው የተሰደዱ የአገር ልጆች፣ ከእነርሱም ጋር የውባንተ ታላቅ ወንድም ደምለው ነበሩና፣ በዚያች ሸክላ ዘፈን ሊሰድላቸው ማለ።

ጣልያን እንዳይሰማም ወደ ሽንፋ ወንዝ ወረዱ። ሰልፉ እንዲህ ነበር፤ በፊት ኸሊፋ ከነጃንጥላው፣ ቀጥላ ባትሪ የተጫነች አህያ፣ ቀጥላ ከበሮ ያነገተች የውባንተ ሚስት እመቤት አገኘሽ፣ በኋላ ማር እየላሰ ውባንተ።

በዘጠኝ ሰዓት አፉን ቢከፍት እንቁራሪቶች በአንድነት ተነሡበት። ዝም ሲል ዝም አሉ፤ ሲጀምር ጀመሩ። ተቆጥቶም አዋጅ ነገረ፦ «የሽንፋ እንቁራሪቶች ስሙ። የዛሬው ዘፋኝ እኔ ነኝ። እስክጨርስ ጭቃችሁ ግቡ፤ ያልገባ ድንጋዬን ይጠብቅ።»

አንድም አልገባ። ድንጋይ ሲወረውር አዳልጦት እርሱ ራሱ እስከ ወገቡ ጭቃ ገባ። ኸሊፋም ደመናውን አይቶ መኪናውን ሊያነሣ እጁን ዘረጋ። ውባንተ ወንድሙን አሰበ፤ ማሩም ጉሮሮው ላይ መረረው።

ወእምዝ አገኘሽ አወጀች፦ «ከአሁን ወዲያ እንቁራሪቶቹ ተቀባዮች ናቸው። አንተ አውጣ፣ እነሱ ይቀበሉ።»

ውባንተም ከጭቃው ሳይወጣ መሰንቆውን በእነርሱ ድምፅ ቃኘ፤ መኪናውንም ወደ ወንዙ አዞሩት። አወጣ፤ ተቀበሉ፤ አህያይቱም ሳትጠራ እያናፋች ገባች። ሸክላው ሞልቶ ሲቆም ዝናብ ወረደ።

በአሥራ አምስተኛው ቀን ኸሊፋ ተመልሶ የደምለውን ቃል በገበያ መካከል አሰማ፦ «ወንድሜ፣ ሸክላህን ሻይ ቤቱ ሙሉ ሰው ሰማው፣ አለቀሰም። ወንዛችንን አወቅነው። ለሚመጣው ጊዜ ግን አንተ ትንሽ ዝም በልልን፤ እንቁራሪቶቹን እንስማበት።»

ውባንተ ሦስት ቀን አኮረፈ፤ በአራተኛው እንቁራሪቶቹን ያሰለፈ እርሱ እንደ ሆነ ለመንደሩ ሁሉ ያወራ ጀመር። እነሆ ክብር ለእርሱ ይገባዋል፤ ጠላቱን ማርኮ ዘፋኝ ያደረገ፣ ጣልያን በጠበቀው ድንበር ላይ ወንዝን ከነሕዝቡ ያለ ይለፍ ወረቀት ያሻገረ፣ እንደ ውባንተ ዘሽንፋ ያለ ማንም አልተነሣም።