ጋሽ ኃይለመስቀልና የደሴቷ ባጃጅ

አዲስ አበባ ውስጥ ታክሲ ይጠፋል፣ ውሃ ይጠፋል፣ መብራት ይጠፋል፤ መንገድ አሳያለሁ ባይ ግን ጠፍቶ አያውቅም። እያንዳንዱ ሰፈር የራሱ አለው። የኮልፌ 18 ማዞሪያ ድርሻ ክቡር ጋሽ ኃይለመስቀል ናቸው። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ታክሲ ተራው አጠገብ ካለው ኪዮስክ ደጃፍ ይቆሙና፣ ማንም ሳይጠይቃቸው መንገደኛውን ሁሉ ያሰማራሉ።

“እኔን ስሙኝ!” ይላሉ። የሰማቸው ወዮለት። አንዴ ከጎጃም የመጡ ዘመዳሞች ዘነበወርቅ በሽተኛ ሊጠይቁ ቢነሱ፣ “ሰልፉን ተዉት፣ በአስኮ በኩል ይቀላል” ብለው ሸኟቸው። ሰዎቹ ግማሽ ከተማ ዞረው ሲደርሱ የመጠየቂያው ሰዓት አልፏል፣ የያዙት ሙዝ ጠቁሯል። ጋሽ ኃይለመስቀል ይህን ሲሰሙ ቅንጣት አልደነገጡም። “ከተማውን አዩ አይደል?” አሉ።

ግድግዳ የምትጋራቸው ጎረቤታቸው ሸዋገነት ይህን ሁሉ ታውቃለች። ቢሆንም ሰው የቸገረው ጊዜ ደስ የሚለውን የነገረውን ያምናል። ልጇ ራዕይ በጠና ታማ የተኛች ጊዜ፣ ዝዋይ ሐይቅ ላይ ካሉት ደሴቶች በአንዷ ላለችው ማርያም ጥላ ላስገባ ብላ ተስላ ነበር። ልጅቷ ዳነች፤ ጥላው ተገዛ፤ የሸዋገነት ጉልበት ግን አልታዘዝ አለ። በሰው ይላክ ሲሏት “በእጄ ብዬ ነው የተሳልኩት” ብላ እምቢ አለች። ስለቱ ሳይገባ መቆየቱ እንቅልፍ ነሳት።

“ምን ያስጨንቅሻል?” አሏት ጋሽ ኃይለመስቀል። “ደሴቷ ላይ ለእንግዳ የሌለ ነገር የለም። ባጃጅ አለ። ባጃጅ ካልተመቸሽ ፈረስ አለ። ፈረስ ከፈራሽ በቅሎ አለች፤ ኮርቻዋ ሶፋ ነው።”

“ሄደው ያውቃሉ?” ራዕይ ጠየቀች።

“ልጄ፣ ለማወቅ መሄድ ካስፈለገማ ማወቅ ምን ይሠራል?”

የሰፈሩ የጉዞ ማኅበር መኪና ሲከራይ ሦስቱም ተሳፈሩ። ጋሽ ኃይለመስቀል እስከ ሐይቁ ዳር ሾፌሩን “ያዝ፣ ልቀቅ” ሲሉት ሄዱ። ጀልባው ላይ ሲወጡ ግን ድምፃቸው ጠፋ። ጠርዙን በሁለት እጃቸው ጨብጠው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር። ራዕይ ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች።

ደሴቷ ዳር ሌሊሴ የምትባል ሴት ዓሣ እያጸዳች አገኟት። ጋሽ ኃይለመስቀል መሬት ሲረግጡ ነፍሳቸው ተመለሰች።

“እህቴ፣ የባጃጅ ፌርማታው በየት በኩል ነው?”

ሌሊሴ ቢላዋዋን አቁማ ከእግር እስከ ራሳቸው አየቻቸው። “ባጃጅ? ዋኝቶ ነው የሚመጣው?”

“ፈረስስ?”

“የለም።”

“በቅሎ?”

“አባባ፣ እዚህ በውሃ ጀልባ ነው፣ በምድር እግር ነው። ሌላ የለም።”

ዳገቱ ከፊታቸው ቀጥ ብሏል። ሌሎቹ ተጓዦች እየዘመሩ መውጣት ጀምረዋል። ሸዋገነት ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና ጥላውን ጭኗ ላይ አጋደመችው። አልተቆጣችም፤ አለመቆጣቷ ነው የባሰው።

“ራዕይ፣ ውሰጅው” አለች ፊቷን ወደ ውሃው አዙራ። “የእኔ እዚህ ድረስ ነው።”

ራዕይ ወደ ሽማግሌው ዞረች። ልትላቸው ያሰበችው ብዙ ነበር፤ እሳቸው ቀደሟት።

“አላውቅም ነበር” አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። “ማንም አልነገረኝም። ከራሴ ነው ያወጣሁት።”

ከተማው ውስጥ ይህን ቃል ከአፋቸው የሰማ የለም። ከዚያ ጎንበስ ብለው ለሸዋገነት ጀርባቸውን ሰጧት።

“ውጪ!”

“ኧረ ጋሽዬ፣ በዚህ ዕድሜዎ!”

“ውጪ አልኩሽ!”

ወጣች። ትንሽ እንደተራመዱ ሁለቱም ሣር ላይ ተዘረሩ። ሌሊሴ ሳቋ ሲያበቃ ቤቷ ገባችና ጠፍር አልጋ ጎትታ አወጣች። ጋሽ ኃይለመስቀል ሱሪያቸውን እንኳ ሳያራግፉ፣ እያለከለኩ ተጓዦቹን ተከትለው ሮጡ፤ ሦስት ጎረምሶችም ይዘው ተመለሱ። ሸዋገነት አልጋው ላይ እንደተቀመጠች በሸክም ተነሣች። አራተኛውን የአልጋ እግር እሳቸው ትከሻቸው ላይ አደረጉት፤ “እንተካዎት” ቢባሉ አሻፈረኝ አሉ። መምራቱንም አልተዉም። “በግራ! በግራ አቋራጭ አለ!” ብለው ሁሉንም እሾህ ውስጥ ከተቷቸው፤ እንደገና ወደ ኋላ ተመለሱ።

ሲደርሱ ቅዳሴው አብቅቷል። ሸዋገነት ጥላውን በእጇ ለካህኑ አስረከበችና አንጀቷ እስኪርስ አለቀሰች።

ስትወጣ ጋሽ ኃይለመስቀል ዛፍ ሥር ቆመው፣ ለአንድ ተሳላሚ ወደ ጀልባው የሚያደርስ ሌላ መንገድ ሲያስረዱ አገኘቻቸው። ሸሚዛቸው ትከሻው ላይ ተቀድዶ ቆዳቸው ተልጧል።

“እማዬ፣ ከእንግዲህ እኚህን ሰውዬ መንገድ ትጠይቂያቸዋለሽ?” አለች ራዕይ።

“መንገድ? ምን ቆርጦኝ!” ሸዋገነት ነጠላዋን አውልቃ አጣጥፋ ለልጇ ሰጠቻት። “ይልቅ ሂጂና ትከሻቸው ላይ አድርጊላቸው። ቁልቁለቱ ገና ነው።”