ያልሄድኩበት ላንጋኖ

ወሬ እወዳለሁ። ምን እደብቃችኋለሁ? ከካዛንቺስ ሜክሲኮ እስክንደርስ ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠውን ሰው የልጆቹን ስም አውቄ፣ የራሴን የጨጓራ ታሪክ ነግሬ፣ ስለ ኑሮ ውድነት አማርሬ እጨርሳለሁ። አንዳንዱ ሰው መንገድ ላይ ይወርዳል። እኔ ቤቱ ደርሶ ነው የሚመስለኝ።

እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ «ተፈራ ልጄ፣ ዝም አይነቅዝም» ትለኝ ነበር። እኔ ግን ይነቅዛል ባይ ነኝ። ብቻውን የሚኖር ሰው ካላወራ አፉ ይሻግታል። ሚስት የለኝ፣ ልጅ የለኝ፤ ስታዲየም አካባቢ ካለው መሥሪያ ቤቴ ወጥቼ ቤቴ ስገባ የሚቀበለኝ ሬዲዮ ነው። እሱም ቢሆን እኔ ስናገር ዝም አይልም።

ወይ እኔ! ልነግራችሁ የተነሣሁት እኮ ስለ ታንኳ ነው።

እኛ የካዛንቺስ ልጆች የቀዛፊዎች ክበብ ነበረን። አትሳቁ። እርግጥ ካዛንቺስ ውስጥ ክረምት ላይ ከሚወርደው ጎርፍ በቀር ሐይቅ የሚባል ነገር የለም፤ ቧንቧውም ሲመጣ እንደ እንግዳ ነው። ግን አንድ ጊዜ አሥራ አንድ ሆነን ላንጋኖ ወረድን፣ ወደድነው፣ አዋጣን፣ ዳሩ ላይ አንዲት የቆርቆሮ ክዳን ያላት ጎጆ ቀለስን፣ ሁለት ሁለት ሰው የሚይዙ ሁለት የፕላስቲክ ታንኳዎች ገዛን። በቃ፣ ክበብ ሆንን። ክበብ ደግሞ ያለ ደንብ አይሆንም። አበሻ ሦስት ሆኖ ከተሰበሰበ ሊቀ መንበር፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ይመርጣል፤ የሚመራ ሰው አይተርፍም።

የደንባችን አንደኛ አንቀጽ ጎጆዋ በር ላይ በቀይ ቀለም ተጽፏል፦ «ብቻውን ሐይቅ የሚገባ አባል አይኖርም»። ከሥሩ «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» ይላል። እሷን ያስጻፍኳት እኔ ነኝ። ሌላም አለ። የመጣ አባል ሲመለስ ለሚቀጥለው ማገዶ ቆልሎ፣ ክብሪትና ጨው አስቀምጦ፣ ማን ከማን ጋር እንደመጣ መዝገብ ላይ ጽፎ ነው የሚወጣው። ቁልፉ ካዛንቺስ እትዬ ዘነበች ሱቅ ውስጥ፣ ከሳሙናው በላይ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሎ ይኖራል።

የእኔ ጥንድ ሙሉጌታ ነበር። አንድ ግቢ ነው ያደግነው። እሱ ከኋላ ተቀምጦ አቅጣጫ ይይዛል፤ እኔ ከፊት ተቀምጬ አወራለሁ። ማለቴ፣ እቀዝፋለሁም። ሙሉጌታ ቃል አይወጣውም። «እህ» ይላል። «እሺ» ይላል። አሥር ዓመት እንዲህ ቀዘፍን። እንደ እኛ የተግባባ ሰው በዓለም ላይ የለም እል ነበር።

ከዚያ ሰፈሩ ፈረሰ። ገሚሱ ጀሞ፣ ገሚሱ አያት ኮንዶሚኒየም ደረሰው፤ አንዱ ሞተ፣ ሁለቱ ዓረብ አገር ገቡ። ሙሉጌታ ከነሚስቱ ጀሞ ሄደ። ፈረሳው እኔ ቤት አጥር ድረስ መጥቶ ቆመ። አሁን መስኮቴን ስከፍት የእነ ሙሉጌታ ግቢ የነበረበት ቦታ ላይ የታጠረ ቆርቆሮ ነው የማየው። ጠዋት ጠዋት «እንዴት አደርክ» የምለው ሰው የለም። ቆርቆሮውን «እንዴት አደርክ» ብዬው አውቃለሁ፤ ለማንም እንዳትናገሩ።

በየሁለት ሳምንቱ እደውላለሁ። ሙሌ፣ ቅዳሜ ላንጋኖ እንሂድ? ሥራ አለብኝ ይላል። በሚቀጥለው፣ ለቅሶ አለብኝ። በሚቀጥለው፣ ሌላ ለቅሶ። አንድ ቀን እንኳን «ተፌ፣ እኔ እኮ...» ብሎ ጀምሮ ነበር፤ ያን ሰሞን የቧንቧው ነገር አንጀቴን አሳርሮት ስለነበር ቆይ ይሄን ልጨርስልህ ብዬ እሱን ነገርኩት። ስጨርስ ሒሳቤ አልቆ ስልኩ ተቋረጠ። እንዲህ እያልን ዓመት ሞላን። ለቅሶው ሲበዛብኝ ጀሞ ሰው አለቀ እንዴ ብዬ ፈራሁ። ልቤ ግን ያውቀው ነበር። ሰው ሊያገኝህ ካልፈለገ ሟች አያጣም።

ሙሉጌታ ትቶኝ ይሆን? ዓመቱን ሙሉ የበላኝ ጥያቄ ይሄ ነበር። ሌላው ሁሉ ቢሄድ ግድ የለም። እሱ ከሄደ ግን ልጅ ሆኜ ምን እንደምመስል የሚያውቅ ሰው በዚህ ከተማ ላይ አይኖረኝም።

በመጨረሻ አንድ አርብ ከሥራ ስወጣ ቆረጥኩና ወደ እትዬ ዘነበች ሄድኩ። ከማን ጋር ነው የምትሄደው አሉኝ። ደንብ ነው፣ ይጠይቃሉ። ዓይኔን ሳላሽ ከሙሉጌታ ጋር አልኩ። «አሁንም? ተባረኩ! ጓደኝነት እንዲህ ነው እንጂ!» ብለው ቁልፉን ሰጡኝ። አሁንም ያሉት ነገር አልገባኝም። ከዓመት በኋላ ለሚሄድ ሰው አሁንም ይባላል? እርጅና ነው አልኩና ተውኩት።

ቅዳሜ ጠዋት የሻሸመኔ አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡት እናት እስከ ሞጆ ሰሙኝ። ከሞጆ በኋላ ነጠላቸውን ተከናንበው ተኙ።

ላንጋኖ እንደ ልማዷ ሻይ በወተት መስላ ጠበቀችኝ። ዘበኛችን ጋሽ ገመዳ ከግራሩ ሥር ተነሡ። እኔን አዩ፤ ከኋላዬ አዩ። ከኋላዬ ሰው የለም። ታንኳዋን ወደ ውሃው አስጠጉ፤ ከዚያ ጎንበስ ብለው አንድ ትልቅ ድንጋይ አቅፈው፣ እያቃሰቱ ፊት ወንበር ላይ አስቀመጡት። በዚህም አላበቁም። እንዳይሰምጥ ላይፍ ጃኬት አለበሱት።

«ጋሼ፣ ምን እያደረጉ ነው?» አልኳቸው።

«ብቻህን አይደለህ? ፊቷ ባዶ ከሆነ አፍንጫዋ ሰማይ ያያል። ነፋስ ያሽከረክርሃል። ክብደት ያስፈልጋታል።»

«ይሄን ማን አስተማረዎት?»

«ሙሉጌታ።»

ሙሉጌታ! ሙሉጌታ እዚህ ምን ይሠራል? ሲመቸው ይመጣል አሉኝ። ከማን ጋር አልኩ። በአገጫቸው ወደ ድንጋዩ አሳዩኝ።

ሮጬ ጎጆዋ ገባሁ። ማገዶው ተቆልሏል፣ ጨውና ክብሪቱ በቦታው ነው። መዝገቡን ገለጥኩ። ያ ወደ ታች የሚንሸራተት የሙሉጌታ ጽሕፈት ተደርድሯል። «ሙሉጌታና ተፈራ። ቀዝፈን ተመለስን።» «ሙሉጌታና ተፈራ። ሐይቁ ሰላም ነበር።» «ሙሉጌታና ተፈራ። ነፋስ ስለነበር ቶሎ ወጣን።» «ሙሉጌታና ተፈራ። ተፈራ ጉማሬ አየ።» አራት ጊዜ! እኔ ካዛንቺስ ከሬዲዮ ጋር ስጨቃጨቅ ለካ ላንጋኖ ላይ ጉማሬ አይቻለሁ። ቀኑን አየሁት። ሁለተኛው ለቅሶ ነው።

እስቲ ፍረዱኝ! ሰው ጓደኛውን ይተዋል፤ ይገባኛል። ሌላ ጓደኛ ይይዛል፤ ይሄም ይገባኛል። እኔን አልችልም ብሎ፣ ከእኔ ጋር ሽርሽር የሚሄድ ሰው ግን ምን ይባላል? በራሴ ቀናሁ። መዝገቡ ላይ ያለው ተፈራ ከእኔ የተሻለ ኑሮ አለው።

ጋሽ ገመዳ በሩ ላይ ቆመው ነበር። መሃል ሐይቅ ይገባና ያወራል አሉኝ። ማን? ሙሉጌታ ነዋ። ድምፁ ዳር ድረስ ይመጣል፣ ቃሉ ግን አይለይም። ሙሉጌታ ያወራል? በአሥር ዓመት ውስጥ ለእኔ የተናገረው ተሰብስቦ አንድ ገጽ አይሞላም! አለቀስኩ። ምን ታደርጉኛላችሁ? በሃምሳ ዓመቴ በድንጋይ ቀንቼ አለቀስኩ።

ሐይቁ ውስጥ አልገባሁም። መዝገቡ ላይ «ተፈራ። ብቻውን።» ብዬ ጻፍኩ። ማገዶ ለቀምኩ፣ ቆለልኩ፤ ለማን እንደምቆልል አሁን አውቄአለሁ። እየረገምኩት ቆለልኩለት።

ሰኞ ደወልኩ። ሥራ አለብኝ ሊል አፉን ሲከፍት «ጉማሬው ደኅና ነው?» አልኩት። ሥራውም ለቅሶውም ጠፋበት። ከዚያ ሜክሲኮ ሻይ ቤት እንገናኝ አለኝ።

ገና ወንበር ሳይስብ ጀመርኩት። የጀሞን ለቅሶ አንድ በአንድ ቆጠርኩለት። ውሸቱን፣ ክህደቱን፣ በስሜ መነገዱን፣ አብረን በአንድ ጎማ መጫወታችንን፣ እናቴ ለእሱ ቆርሳ ታጎርሰው እንደነበር፣ ላይፍ ጃኬቱ ራሱ የእኔ መሆኑን። ሩብ ሰዓት ሙሉ! እሱ «እህ» አለ። «እሺ» አለ። ትንፋሼ ሲያልቅብኝ ሻዬን ፉት ልል አፌን ዘጋሁ። በዚያች ክፍተት ገባ።

«ከሥራ ከወጣሁ ዓመት ሆነኝ» አለ።

ጠዋት ጠዋት ቦርሳውን አንጠልጥሎ ከቤት ይወጣል። ሚስቱ መሥሪያ ቤት የሄደ ይመስላታል። እሱ እዚሁ ሜክሲኮ ዙሪያ ዕቃ እያሻሻጠ፣ ባይቀናውም እየዞረ ይውልና በሥራ መውጫ ሰዓት ይመለሳል። በዚያች ቦርሳ ውስጥ ምን እንዳለ ታውቃላችሁ? ምሳው ብቻ።

«ታዲያ ለእኔ አትነግረኝም?» አልኩት፣ እንደገና ግንፍል ብዬ። «ለእኔ! አብረን አድገን፣ ለእኔ...»

«ነግሬሃለሁ።»

«መቼ?»

«አራት ጊዜ። መሃል ሐይቅ ላይ።» ሻዩን አማሰለ። «በደንብ ሰማኸኝ ደግሞ። አንዴም አላቋረጥከኝም።»

የሻይ ብርጭቆዬን አስቀመጥኩ። «ተፌ፣ እኔ እኮ...» ያለኝ ቀን ትዝ አለኝ፤ ያን ቀን የነገርኩት የቧንቧ ታሪክም ትዝ አለኝ። ለካ እሱም ብቻውን፣ እኔም ብቻዬን፣ በመሃላችን ደግሞ የእኔ አፍ ነበር። ቅዳሜ እንሂድ ብዬ ብቻ ተነሣሁ።

ሄድን። ጋሽ ገመዳ ገበያ ወጥተው ስለነበር ታንኳዋን ራሳችን አወረድን። ድንጋዩ ሣሩ ላይ ተቀምጦ ያየናል። ላይፍ ጃኬቱን አውልቄለት ለበስኩ፣ ፊት ተቀመጥኩ፣ አፌን ዘጋሁ። ቀላል እንዳይመስላችሁ! እናቴ ልክ ነበረች፣ ዝም አይነቅዝም፤ ግን ያሳክካል። ወደ ቀኝ በኩል እውነተኛ ጉማሬ፣ የምር ጉማሬ፣ ጆሮውን እያራገበ ብቅ አለ። ዋጥኩት።

መሃል ስንደርስ ከኋላዬ ድምፅ መጣ። መጀመሪያ ቀስ ብሎ፤ ከዚያ እንደ ተከፈተ ቧንቧ። ዞር አላልኩም። ምን እንዳለ አልነግራችሁም። አዎ፣ እኔ ነኝ አልነግራችሁም የምለው! እንባው ሲመጣ መቅዘፊያዬን ጭኔ ላይ አድርጌ ውሃውን አየሁ። እሱም ሲያበቃ አፍንጫውን ጠረገና «ነገ ለሚስቴ እነግራታለሁ» አለ። «እህ» አልኩ።

ዳር ስንደርስ ጋሽ ገመዳ ከገበያ ተመልሰው ቆመዋል። ሣሩ ላይ የቀረውን ድንጋይ ያያሉ፣ እኛን ያያሉ።

«ዛሬ ድንጋይ ሳትጭን ነው የገባኸው?» አሉት ሙሉጌታን።

«ጭኛለሁ፣ ጋሼ» አለ።

ዝም አልኩ።